250 ዶላር እና አንድ ቫን
(ለወጣት አባላት ከተደረገ ንግግር)



ዛሬ የማወራችሁ ስለ ተቋም ግንባታ ነው። ምሳሌዬ ግን የአሜሪካው ቴኔሲ ዩኒቨርሲቲ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1974 ፓት ሰሚት ዋና አሠልጣኝ ስትሆን ገና 22 ዓመቷ ነበር። ደሞዟ በወር 250 ዶላር። ማሊያ ራሷ ታጥባለች፣ ቫኑን ራሷ ትነዳለች። በትምህርት ተቋማት የፆታ አድልዎን የከለከለው ሕግ በ1972 ወጥቶ ነበር፤ ግን ሕግ ብቻውን ቡድን አይሠራም። የሚሠራው ሰው ነው!

የመጀመሪያው ብሔራዊ ዋንጫ የመጣው በ1987፣ በ13ኛው የውድድር ዘመኗ ነው። በ2012 ስትሰናበት 1,098 ድልና 8 ዋንጫ ነበራት። ከሁሉም የሚበልጠው ደግሞ፣ የጨዋታ ዘመናቸውን እሷ ጋ የጨረሱት ልጆች በሙሉ ተመርቀዋል።

እኛስ? በአንድ ሰልፍ ሁሉም ነገር ካልተለወጠ ብለን እንበተናለን። እህቶቻችንን ለሰልፍ እንጠራለን፣ ለውሳኔ ስንቀመጥ እንረሳቸዋለን። በግማሽ ጉልበቱ የሚቆም ሕዝብ የለም! ነገ በየቀበሌያችሁ ኮሚቴ ስትመርጡ እህቶቻችሁ ወንበር ይያዙ፤ ሻይ ለማፍላት ሳይሆን ለመምራት።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር!