የኮምፒዩተር ሥዕል መሣሪያ ፍተሻና የስሜን ገደሎች



አንድ ቤተ ሙከራ የኮምፒዩተር ሥዕል መሣሪያ ሲተክል የሚያደርገው የመጀመሪያ ፍተሻ የታወቀ ነው። በማያው ላይ ጎኖቹ እኩል የሆኑ አራት ማዕዘን ይሣልና በማስመሪያ ይለካል፤ ክብ ይሣልና የእንቁላል ቅርጽ መያዝ አለመያዙ ይታያል። ካርታ ተወጥሮበት ወደ አኀዝ የሚለወጥበት ጠረጴዛ ከሆነም፣ ቦታቸው በትክክል የታወቀ አራት ነጥቦች ይነኩና ስሕተቱ ይመዘገባል። ይህ ሁሉ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን መሣሪያው ቀጥ አድርጎ መሣሉን እንጂ አገሩን እንዳለ መሣሉን አያረጋግጥም። ለዚህኛው ፍተሻ ከደባርቅ በላይ ያለውን ምድር እመርጣለሁ።

ኢቫን ሰዘርላንድ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም «ስኬችፓድ» በተባለው ሥራው በብርሃን ብዕር በማያ ላይ መሣል እንደሚቻል ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው ቴክትሮኒክስ 4010 ደግሞ በአግድም 1,024፣ በቁም 780 ነጥቦች ነበሩት። በዚህ ማያ ላይ አንዴ የተሣለ መሥመር ሳይደበዝዝ ይቆያል፤ ታዲያ አንዲት መሥመር ለመሠረዝ የፈለገ ሰው ሥዕሉን በሙሉ ማጥፋት ግድ ይሆንበት ነበር። (ትዕግሥት የሚያስተምር መሣሪያ ነበር!) ዳባትንና ራስ ደጀንን የሚያጠቃልል 100 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው አገር ቢዘረጋበት፣ ለአንዱ ነጥብ የሚደርሰው መሬት 100 ሜትር ያህል ነው።

በስሜን ግን 100 ሜትር ብዙ ነገር ነው። ከሳንቃ በር ወደ ግጭ ሲኬድ አምባው በስተሰሜን ድንገት ይቆረጣል፤ ጥቂት እርምጃ ወደ ጎን ያለ መንገደኛ በታላቅ ገደል አፋፍ ላይ ይቆማል። ከደባርቅ ቁልቁል የሚወርደው የሊማሊሞ መንገድም እጥፎቹ ስለሚቀራረቡ በእንዲህ ያለ ማያ ላይ እርስ በርስ ይዋጣሉ።

ነጥቡ ቢያንስ ችግሩ ይወገዳል የሚል ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ2000 ኢንዴቨር የተባለችው የጠፈር መንኰራኵር በ11 ቀን በረራ አብዛኛውን የብስ በራዳር ለካች። ለአፍሪካ በቅድሚያ የተሰጠው አኀዝ በ90 ሜትር ርቀት የተወሰደ ነበር፤ የ30 ሜትሩ እ.ኤ.አ. በ2014 ተለቀቀ። ይሁንና ራዳር የሚያየው በጎን ነው። ከገደሉ ጀርባ ያለው ምድር በጥላ ይጋረድና አኀዙ ባዶ ይሆናል፤ ባዶው በዙሪያው ካሉት ከፍታዎች በግምት ሲሞላ ገደሉ ተዳፋት ሆኖ ይሣላል። ሥዕሉ ያምራል፤ አደጋውም ከማማሩ ላይ ነው። ያንን ተዳፋት አምኖ መንገድ የሚቀይስ መሐንዲስ፣ ወይም ቁስለኛ እንዲያወጡ ሰዎችን በዚያ የሚልክ የፓርክ ኃላፊ፣ ማያው ያልነገረውን የሚረዳው ከአፋፉ ሲደርስ ነው።

ስለዚህ ከአራት ማዕዘኑና ከክቡ ቀጥሎ ሌላ ፍተሻ እንዲታከል አሳስባለሁ። እ.ኤ.አ. በ1978 በበርን የታተሙት የስሜን ካርታዎች መጠናቸው 1 ለ25,000 ነው፤ 100 ሜትር በእነርሱ ላይ 4 ሚሊ ሜትር ይሆናልና በዓይን ይለያል። መሣሪያው የሣለው የከፍታ መሥመር ከእነርሱ ጋር ይነጻጸር፤ ሁለቱ በተለያዩበት ስፍራም አገሩን ከሚያውቅ ስካውት ጋር ከደባርቅ ተነሥቶ በእግር ይታይ።