ደኑ፥ መዝገቡና ዋሻው
በኮሪያ ተራሮች ስለተደረገ የአንድ ቀን ጉዞ፥ በትምህርት ቤቱ የምሥረታ በዓል ላይ በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተነገረ ንግግር



ባለፈው ጥቅምት ወር ከመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች አንዳንዶቻችን ከመምህራችን ጋር ወደ ደቡብ ኮሪያ ለመሄድ ዕድል አግኝተን ነበር። ያየነው ብዙ ነው። ሁሉን ለመናገር ብንሞክር ግን አንዱንም በደንብ ስለማንናገር፥ ዛሬ የአንዲቱን ቀን ጉዞ ብቻ መርጠን እናቀርብላችኋለን። በዚያች ቀን ደን፥ ገዳም፥ መዝገብ ቤትና ዋሻ አየን። እነዚህ አራቱ ለተመልካች የተለያዩ ይመስላሉ። ነገር ግን ከአባቶች የተረከቡትን ጠብቆ ለልጅ ማስረከብ እንዴት እንደሚቻል አራቱም በየፊናቸው ያስተምራሉ። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እንገልጻለን።

አገሩ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ጭራሽ እንግዳ አይደለም። የቃኘው ሻለቃ የመጀመሪያው ጦር ፑሳን ወደብ የደረሰው በ1951 በግንቦት ወር ነበር። ወታደሮቻችን ጋንግወን በሚባለው ተራራማ ክፍለ ሀገርና በአካባቢው ተዋግተዋል። ከ120 በላይ የሚሆኑት ሕይወታቸውን ሰጡ፤ በጠላት እጅ የተማረከ ግን አንድም አልነበረም። የዚያው ክፍለ ሀገር ከተማ የሆነችው ቹንቾን በ1968 መታሰቢያ ሐውልት አቁማላቸዋለች፤ ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በዚያው ዓመት ሄደው ጎብኝተውታል። የምንነግራችሁ ጉዞ የተደረገው በዚሁ ክፍለ ሀገር፥ በምሥራቁ በኩል ነው።

ማለዳ ጋንግነንግ ከምትባለው የባሕር ዳር ከተማ በአውቶቡስ ተነሥተን ወደ ኦዴሳን ተራራ ወጣን። ከፍተኛው ጫፉ 1,563 ሜትር ነው። ይህ ከአዲስ አበባ ዝቅ ያለ ስለሆነ፥ ለእኛ ለደገኞቹ ተራራ መባሉ መጀመሪያ አስቆን ነበር። ነገር ግን ከባሕሩ ጠረፍ ብዙ ሳይርቅ ሽቅብ የሚነሣ ስለሆነ አቀበቱ የሚናቅ አይደለም። ወቅቱ የቅጠል መርገፊያ ነበርና ሸንተረሩ ሁሉ ቢጫና ቀይ ለብሷል። በመስከረም የአደይ አበባ ሜዳውን እንደሚያለብሰው ያለ ነው፤ ልዩነቱ በዚያ የሚያሸበርቀው አበባው ሳይሆን ሊረግፍ የተቃረበው ቅጠል መሆኑ ነው።

በተራራው እግር ወልጆንግሳ የሚባል የቡድሃ እምነት ገዳም አለ። ወደ ገዳሙ የሚያስገባው መንገድ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፥ ግራና ቀኙን ጆንናሙ የሚሉት ከጥድ ወገን የሆነ ዛፍ ቆሞበታል። ዛፎቹ 1,700 ያህል ናቸው፤ ቀጥ ብለው አድገው ሰማዩን ይጋርዱታል። በአገራችን ሰሜን ጥንታዊው ደን ተርፎ የሚገኘው በአብዛኛው በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ መሆኑን እናውቃለንና፥ ያ መንገድ የደብር ቅጽር መስሎ ታየን።

ይሁን እንጂ አያቶቻችን በጦርነቱ ጊዜ ያዩት ኮሪያ እንዲህ ያለ አልነበረም። በጃፓን ቅኝ አገዛዝ ዘመን ብዙ ደን ተቈርጦ ነበር፤ ከዚያም ከ1950 እስከ 1953 የቆየው ጦርነት ተራሮቹን አቃጠላቸው። ሕዝቡም ቤቱን የሚያሞቀው ከወለሉ ሥር እሳት በማንደድ ስለሆነ፥ በየክረምቱ የተረፈውን ቁጥቋጦ ሳይቀር ለማገዶ ይለቅመው ነበር። ጦርነቱ ሲያበቃ በአንድ ሄክታር የደን መሬት ላይ የነበረው እንጨት በአማካይ 6 ሜትር ኩብ ያህል ብቻ ነበር። በ2020 ግን ወደ 165 ሜትር ኩብ ደርሷል።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? በመጀመሪያ ሕዝቡ ከእንጨት ይልቅ ከድንጋይ ከሰል ዱቄት የተጋገረ ማገዶ እንዲጠቀም ተደረገ፤ ማገዶ ያጣ ሰው ዛፍ እንዳይቈርጥ መምከር ብቻውን አይበቃምና። ቀጥሎም በ1973 የዐሥር ዓመት የደን ልማት ዕቅድ ወጣ፤ ሥራውም በ1978፥ ጊዜው ሳይደርስ ተፈጸመ። በእነዚያ ዓመታት ከአንድ ሚሊዮን ሄክታር በላይ ተተክሏል። ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀን የቈጠራው ሥርዓት ነው። ችግኞቹ መጽደቃቸውን የሚመረምሩት የተከሉት ሰዎች አልነበሩም፤ የአንዱን ክፍለ ሀገር ተክል የሌላው ክፍለ ሀገር ሹማምንት መጥተው ይቈጥሩት ነበር። የሚጠየቀውም ስንት ተተከለ ተብሎ ብቻ አይደለም፤ ስንቱ ጸደቀ ተብሎ ነው።

ወደ ገዳሙ እንመለስ። ወልጆንግሳን ጃጃንግ የሚባል መነኩሴ በ643 እንደመሠረተው ይነገራል። በቅጽሩ መካከል ስምንት ማዕዘንና ዘጠኝ ደርብ ያለው የድንጋይ ማማ ቆሟል፤ ቁመቱ 15 ሜትር ያህል ነው። ማማው ጥንታዊ ሲሆን በዙሪያው ያሉት ቤቶች ግን አዲስ ናቸው፤ ምክንያቱንም ስንሰማ አዘንን። በጥር 1951 የደቡብ ኮሪያ ጦር ሲያፈገፍግ፥ ጠላት እንዳይጠለልበት ብሎ ገዳሙን ራሱ አቃጠለው። ዋናው መቅደስ እንደገና የተሠራው በ1968 ነው።

ከዚያ ከፍ ብሎ ሳንግወንሳ የሚባል ሌላ ገዳም አለ። እርሱንም ሊያቃጥሉ ወታደሮች በመጡ ጊዜ፥ ሀናም የተባሉት ሽማግሌ መነኩሴ ጥቂት ጊዜ ለምነው ልብሰ ምንኵስናቸውን ለበሱ፤ ወደ መቅደሱም ገብተው ተቀመጡና «እንግዲህ እሳቱን ለኵሱ» አሉ ይባላል። መኰንኑ በነገሩ ልቡ ተነካ። በሮቹን ብቻ አስነቅሎ በግቢው ውስጥ አቃጠለ፤ ጢሱ ከሩቅ ታየ፤ ገዳሙም ተረፈ። ሀናም በዚያው ዓመት በመጋቢት ዐረፉ። በዚያ ገዳም በ725 የተሠራ ደወል አለ፤ በኮሪያ ካሉት ደወሎች ሁሉ ቀዳሚው እርሱ ነው። በጎኑ ላይ የሙዚቃ መሣሪያ ይዘው በአየር የሚበሩ ሰማያውያን ተቀርጸውበታል። ለጥበቃ ሲባል ዛሬ አይደወልም። ያ ሽማግሌ በዚያች ቀን ተነሥተው ቢሸሹ ኖሮ ደወሉን ማን ያየው ነበር?

ሦስተኛው ያየነው ነገር ወረቀት ነው። የጆሶን ነገሥታት ከ1392 ጀምሮ ዜና መዋዕላቸውን የሚጽፉ ጸሐፊዎች ነበሩአቸው። ንጉሡ ስለ ራሱ የተጻፈውን እንዲያይ አይፈቀድለትም ነበር፤ ጸሐፊው ፈርቶ እውነቱን እንዳይለውጥ ነው። መጽሐፉ በአራት ቅጂ እየተዘጋጀ በአራት ቦታ ይቀመጥ ነበር። በ1592 ጃፓኖች አገሩን በወረሩ ጊዜ ሦስቱ ጠፉ። በጆንጁ ከተማ የነበረውን አራተኛውን ግን አን ኡይና ሶን ሆንግሮክ የሚባሉ ሁለት የአገሬው ሊቃውንት አውጥተው ወደ ኔጃንግሳን ተራራ አሸሹት፤ በዚያም እየተፈራረቁ ጠበቁት። ከጦርነቱ በኋላ ከዚያ አንድ ቅጂ ሌሎች ታተሙ። ከተማ የጦር መንገድ መሆኑ ታውቆ ነበርና፥ አዲሶቹ ከ1606 ጀምሮ የተቀመጡት በአመዛኙ በሩቅ ተራሮች ነው፤ ከእነዚህም አንዱ ኦዴሳን ነበር። በኦዴሳን ከተቀመጡት መካከል የማረሚያ ቅጂዎች ይገኙባቸዋል፤ አራሚው ስሕተቱን ያመለከተበት ቀይ ቀለም ዛሬም ይታያል።

የኦዴሳኑ ቅጂ በ1913 ወደ ቶኪዮ ተወሰደ፤ አብዛኛውም በ1923 በደረሰው ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ጊዜ ተቃጠለ። ከተረፉት መካከል 27 ጥራዞች በ1932፥ 47 ደግሞ በ2006 ወደ ኮሪያ ተመለሱ። በ2023 በወልጆንግሳ አጠገብ ለእነርሱ ቤተ መዘክር ተከፈተላቸውና ወደ ቀድሞ ተራራቸው ገቡ። ከመስተዋቱ ፊት ቆመን ገጾቹን ስናይ፥ ቅጂው አንድ ብቻ ቢሆን ኖሮ የዚያ ሁሉ ዘመን ታሪክ አመድ ሆኖ ይቀር እንደነበረ አሰብን።

ምሳ ከተራራው የተለቀመ ቅጠላ ቅጠል በሩዝ ላይ ተደርጎ ቀረበልን፤ የጾም በያይነቱን ስላስታወሰን ሁላችንም በደስታ በላን። ከዚያ በባሕሩ ጠረፍ ወደ ደቡብ ወርደን ሳምቾክ ወደሚባለው አገር ደረስን። ዴኢሪ በምትባል የሸለቆ መንደር ጣራቸው በተፈለጠ እንጨትና በዛፍ ልጥ የተከደነ አሮጌ ቤቶች አሉ። ከመንደሯ በላይ ኋንሶን የሚባለው ዋሻ ይገኛል። አንድ መነኩሴ ለጸሎት ገብቶ ሲወጣ ያየው ስለሌለ፥ ወደ መንፈስነት ተለወጠ ብለው ስም እንዳወጡለት ይተርካሉ። ዋሻው ከ6 ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት አለው፤ ከ1997 ጀምሮ ለጎብኚ የተከፈተው ግን 1.6 ኪሎ ሜትር ያህሉ ብቻ ነው።

በመግቢያው ቀዝቃዛ ነፋስ ተቀበለን። ውስጡ ታላቅ አዳራሽ ያህላል፤ ወንዝ በጨለማ ሲጮኽ ይሰማል። መምህራችን አሠራሩን እንዲህ ሲሉ አስረዱን፤ የዝናብ ውሃ በአየርና በአፈር ውስጥ ሲያልፍ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ደካማ አሲድ ይሆናል፤ ይህም የኖራውን ድንጋይ ቀስ በቀስ ያሟሟዋል። ውሃው ከጣራው ሲንጠባጠብ ደግሞ የያዘውን ኖራ በጥቂት በጥቂቱ ይተዋል፤ ከላይ የተንጠለጠለው፥ ከታችም የቆመው የድንጋይ ዘንግ እንዲህ ይሠራል። በአንድ ሰው ዕድሜ የሚጨምረው ለዓይን የማይሞላ ነው። ስለዚህ «አትንኩ» የሚል ጽሑፍ በየቦታው ተለጥፏል፤ የእጅ ወዝ ካረፈበት ኖራው በደንብ አይጣበቅምና እድገቱ ይታወካል። የሚሊዮን ዓመት ሥራ በአንድ ጣት መበላሸቱን ስንሰማ እጃችንን ወደ ኪሳችን ከተትን።

እንግዲህ ጓደኞቻችን፥ ከዚያች ቀን የተማርነውን ባጭሩ እንናገር። ከደኑ፥ የተተከለውን ሳይሆን የጸደቀውን መቍጠር ተማርን። ከመዝገቡ፥ የከበረን ነገር በአንድ ቦታ ብቻ ማኖር ለጥፋት ማጋለጥ መሆኑን ተረዳን። ዋሻው አንዳንድ ነገር የሚጠበቀው እጅን በመሰብሰብ እንደሆነ፥ ሽማግሌው መነኩሴ ደግሞ አንዳንድ ነገር የሚጠበቀው ከስፍራ ባለመነሣት እንደሆነ አሳዩን።

ይህ ትምህርት ቤትም በአደራ የተሰጠን ነው። ስለዚህ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ሁለት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፥ በዚህ በዓል በግቢያችን የምንተክላቸውን ችግኞች የሚቀጥለው ዓመት ተመራቂዎች ይቍጠሩልን፤ የእነርሱንም የሚከተሉት ይቍጠሩ፤ ውጤቱም በየዓመቱ በዚህ መጽሔት ይታተም። ሁለተኛ፥ ከምሥረታው ጀምሮ ያሉት የተማሪዎች መዝገቦችና ፎቶግራፎች በአንድ ሣጥን ውስጥ ብቻ ናቸው፤ ተገልብጠው በሦስት ቦታ ይቀመጡ። ወላጆቻችንም በየቤታችሁ የትምህርት ቤቱ አሮጌ ፎቶግራፍ ካለ አምጡልንና ገልብጠን እንመልስላችሁ። ለግልበጣው ሥራ የእኛ ክፍል ከፈተናው በኋላ አንድ ሳምንት ለመስጠት ተስማምቷል።