በፖስታ የመጣ የቁልፍ ሙያ

አቅራቢ 1፦ በ20ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ ውስጥ የቁልፍ ሥራ በተልእኮ ትምህርት ይሰጥ ነበር። በኒው ጀርሲ የነበረው ሎክስሚቲንግ ኢንስቲትዩትና የካንሳስ ሲቲው ቤልሶው በየመጽሔቱ ተማሪ ይጠሩ ነበር።

አቅራቢ 2፦ የእጅ ሙያ ግን በወረቀት ይለመዳል?

አቅራቢ 1፦ ከወረቀቱ ጋር ዕቃም ይላክ ነበር። መለማመጃ ቁልፎችና መሣሪያዎች ለተማሪው ይደርሱት ነበር፤ ቤልሶው የቁልፍ መቅረጫ ማሽን ሳይቀር ይልክ ነበር። ተማሪው ፈተናውን ሠርቶ በፖስታ ይመልስ ነበር፤ መምህሩም ያርምለት ነበር።

አቅራቢ 2፦ እስቲ ሥራውን ራሱን እንየው።

አቅራቢ 1፦ ሊነስ ዬል ታናሹ እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ ያሻሻለውን የበር ቁልፍ ውሰድ። በሲሊንደሩ ውስጥ በሞላ የሚገፉ ጥንድ ጥንድ ፒኖች አሉ። ትክክለኛው ቁልፍ ሲገባ የጥንዶቹ መገናኛ ሁሉ እኩል መስመር ላይ ይውላል፤ ያኔ ቁልፉ ይዞራል። ቁልፉ ለጠፋበት በር አዲስ ለመሥራት ተማሪው ያልተቀረፀ ቁልፍ አስገብቶ ጠበቅ አድርጎ ያወዛውዛል፤ ፒኖቹ የተዉትን ጭረት በብርሃን አይቶ እዚያው ላይ ብቻ በሞረድ ይነካል።

አቅራቢ 2፦ እኔን የሚያሳስበኝ እዚህ ላይ ነው። ሞረዱን ሲያበዛ «ተው» የሚለው ሰው አጠገቡ የለም። ቁልፍ ሠሪ ደግሞ የሰው ቤት የሚከፍት ባለሙያ ነው፤ ታማኝነቱን የሚመሰክርለት በቅርብ የሚያውቀው ሰው ነው።

አቅራቢ 1፦ እውነት ነው። ቢሆንም ቀን ሥራ ለሚውል የቤተሰብ ኃላፊ፣ ማታ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ የሚማርበት ዕድል ትልቅ ነገር ነው።

አቅራቢ 2፦ እንግዲያው በተልእኮ ይጀምር፣ ከነባር ባለሙያ ሥር ገብቶ ይብሰል።

አቅራቢ 1፦ በዚህ እንስማማለን።