ከማቀዝቀዣው በፊት ውኃውን

ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ፣ በሩ ላይ ውኃና በረዶ የሚያድል ማቀዝቀዣ ሲታወክ ብልሽቱ እንዴት እንደሚፈለግ ነው። ይህ ዕቃ ወደ አገራችን የሚገባው በነጋዴ እጅ ብቻ አይደለም፤ ከአሜሪካ የሚመለሱ ወገኖቻችንም ከቤት ዕቃቸው ጋር ጭነው ያመጡታል። የተሠራው ግን የቧንቧ ውኃ ቀንና ሌሊት በኃይል ለሚፈስስበት፣ መብራትም እምብዛም ለማይጠፋበት ቤት ነው። እኛ ዘንድ ከሚደርስበት እክል አብዛኛው የሚመነጨው ከዚሁ ልዩነት እንጂ ከዕቃው ድካም አይደለም ባይ ነኝ። ስለዚህ ሣጥኑን ከመፍታታችን በፊት ውኃውን ከግድግዳው ጀምረን እንከተለው።

አምራቾች በመመሪያቸው ለውኃ መግቢያው የሚጠይቁት ዝቅተኛ ግፊት እንደየሞዴሉ ከ1.4 እስከ 2 ባርና ከዚያም በላይ ነው። በአዲስ አበባ በብዙ ሰፈር ውኃ በፈረቃ ስለሚደርስ ደንበኞቻችን የሚጠቀሙት ከጣራ ታንከር ነው። አሥር ሜትር የውኃ ከፍታ አንድ ባር ያህል ግፊት ይሰጣል። እንግዲህ ታንከሩ ከማቀዝቀዣው 4 ሜትር ከፍ ብሎ ቢቀመጥ የምናገኘው 0.4 ባር ብቻ ነው። 1.4 ባር ይገኝ ዘንድ ታንከሩ 14 ሜትር ከፍ ማለት ይኖርበታል፤ ይህም ከአራት ፎቅ ቁመት በላይ ነው።

ግፊት ሲያንስ የሚደርሰው ጉዳት ውኃው ቀስ ብሎ መፍሰሱ ብቻ የሚመስለው ሰው ይኖራል። ነገሩ ከዚያ የከፋ ነው። በመግቢያው ላይ ያለው ሶሌኖይድ ቫልቭ በውስጡ ስስ የጎማ ድያፍራም አለው። ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ ድያፍራሙን መቀመጫው ላይ ተጭኖ ቀዳዳውን የሚያስዘጋው በአብዛኛው የውኃው የራሱ ግፊት ነው። ግፊቱ ደካማ ሲሆን አጥብቆ አይዘጋም፤ ውኃው ጠብ ጠብ ይላል። ጠብታው በረዶ መሥሪያውን በሚመግበው ቱቦ ጫፍ ላይ እየቀዘቀዘ ይጋገራል፤ ውሎ አድሮ ቱቦው ይደፈናል፤ በረዶ መሥራቱም ያከትማል።

በአንድ ቤት ያየሁትን ልናገር። በረዶ መሥሪያው ሁለት ጊዜ ተለውጧል፤ ቤተሰቡም ሁለት ጊዜ ከፍሏል። አዲሱ መሣሪያ በተገጠመ ቁጥር ጥቂት ሳምንታት ይሠራና ይቆማል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ባለሙያው አሮጌውን ሲያወጣና አዲሱን ሲገጥም የቱቦው በረዶ ይቀልጣል፤ ዕቃው የዳነ ይመስላል፤ ጠብታው ግን ሥራውን ይቀጥላል። ለዚያ ቤት መድኃኒቱ አዲስ ቫልቭና ከታንከሩ በኋላ የተገጠመ፣ ግፊት ሲወርድ ራሱን የሚያስነሣ ትንሽ ፓምፕ ነበር። ፓምፑ ታንከሩ ባዶ ሲሆን ደርቆ እንዳይሽከረከር መከላከያ ያሻዋል፤ በእኛ ከተማ ይህ ሊዘነጋ አይገባም።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ አንድ ነጥብ አለ። በብዙዎቹ ሞዴሎች ወደ በረዶው ቅርጽ የሚገባው ውኃ የሚለካው በመጠን ሳይሆን በጊዜ ነው፤ ቫልቩ ለተወሰኑ ሰከንዶች ይከፈትና ይዘጋል። ግፊቱ ካነሰ የተወሰነው ጊዜ ቅርጹን አይሞላም፤ በረዶው ትንሽና ውስጡ ባዶ ይሆናል። በአንጻሩ ከአሜሪካ የመጣና ሰዓቱን በሞተር የሚቆጥር የቀድሞ ዓይነት በረዶ መሥሪያ፣ በትራንስፎርመር በኩል ከእኛ መብራት ጋር ሲገናኝ፣ ቮልቱ ይስተካከልለታል እንጂ 60 ሄርዙ 50 ሆኖ ይቀራል። ሞተሩም በዚያው ልክ ይዘገያል። 7 ሰከንድ ተኩል ሊከፈት የተወሰነው ቫልቭ 9 ሰከንድ ያህል ክፍት ይሆናል፤ ግፊቱ በቂ ከሆነ ውኃው ከቅርጹ ሞልቶ ይፈስሳል። የመሣሪያውን የውኃ መጠን ማስተካከያ ብሎን ወደ መቀነሻው ምልክት ማዞር ይበቃል፤ ዕቃ መለወጥ አያስፈልግም።

መብራት መጥፋት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። በረዶው በከፊል ይቀልጥና መብራት ሲመጣ አንድ አለት ሆኖ ይጋገራል። በረዶውን ወደ በሩ የሚገፋው ጠመዝማዛ ዘንግ አልንቀሳቀስ ይላል፤ ሞተሩ ያቃስታል። ሞተሩ ተቃጥሏል ከማለት በፊት ሳጥኑን አውጥቶ መድፋትና ማድረቅ ይገባል።

ከማደያው ውኃ ቢጠፋ፣ በቅድሚያ መቆለፊያው ቁልፍ አለመጫኑንና የበሩ ማብሪያ መሥራቱን እንይ። ቀጥሎ እናዳምጥ። ማደያው ሲገፋ ቫልቩ እዝ ካለ ኤሌክትሪኩ ደርሶታል፤ ፍለጋው ወደ ውኃው፣ ወደ ማጣሪያውና በበሩ ውስጥ ወደሚያልፈው ቱቦ ይዞራል። ዝም ካለ ግን ሶኬቱን ነቅለን በቴስተር ማብሪያውንና ኮይሉን እንለካለን። የበሩ ቱቦ ከቀዘቀዘ በረዶ ቤቱ ከ18 ዲግሪ በታች ከዜሮ ወርዶ እንደሆነ፣ የበሩም ጎማ አየር እንደማያስገባ መመርመር ነው። ማቅለጫው ለስለስ ያለ የፀጉር ማድረቂያ ሙቀት ነው፤ ቢላዋና የፈላ ውኃ ክልክል ናቸው።

የመጨረሻው ነገር ማጣሪያው ነው፤ ለእኔ ከሁሉ የሚከብደውም ይኸው ነው። በተለመደው አሠራር በ6 ወር ይለወጣል ይባላል፤ ደለል በሚያመጣ ውኃ ግን ከዚያ ቀድሞ ይደፈናል። ከፊቱ የደለል ማጣሪያ ቢቀመጥ ዕድሜው ይረዝማል። አዲስ ሲገባም ከ10 እስከ 15 ሊትር ውኃ አፍስሶ አየሩንና የከሰሉን ብናኝ ማስወጣት ያስፈልጋል። ይህን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

ደንበኛው የማያውቀው ሌላ ነው። አብዛኛው የማቀዝቀዣ ማጣሪያ የክሎሪንን ጣዕምና ሽታ ይቀንሳል እንጂ ባክቴሪያን ለመግደል አልተሠራም። አብሮት የሚመጣው ወረቀት ራሱ፣ ንጽሕናው ባልታወቀ ውኃ ላይ ሌላ ማከሚያ ሳይኖር እንዳይውል ያስጠነቅቃል። መቀዝቀዝም ተሕዋስያንን በአብዛኛው ያደነዝዛል እንጂ አያጠፋም፤ በረዶው በብርጭቆ ሲቀልጥ እነርሱም ይነቃሉ። ለዓመታት ያልታጠበ ታንከር ካለበት ቤት ውኃው ኩልል ብሎ፣ ቀዝቅዞ ሲወርድ የሚያይ እናት ለሕፃኗ ያለ ሥጋት ትሰጠዋለች። ይህን የሚነግራት ሰው ማጣሪያውን የሚለውጠው ባለሙያ ነው፤ ሌላ ወደዚያ ቤት የሚገባ የለም። ስለዚህ ታንከሩን ከፍቶ ማየትና ያዩትን ለባለቤቱ መንገር፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ ከጥገናው ሥራ የሚለይ አይደለም። ማጣሪያው የተለወጠበትን ቀንም በበሩ ጎን ጽፎ መለጠፍ መልካም ነው።

የተደፈነ የመመገቢያ ቱቦና ድያፍራሙ ያረጀ ቫልቭ ለሁለት ቆርጬ አምጥቻለሁ። በዕረፍቱ ሰዓት ከበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ታገኟቸዋላችሁ።