የከተማ ማዕረግ በምን ይለካል?

የከተማ ታላቅነት በነዋሪው ብዛት ብቻ የሚለካ ይመስላችሁ ይሆናል። ዳሩ ግን ቫልተር ክሪስታለር የተባለው ጀርመናዊ የጂኦግራፊ ሊቅ በ1933 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፥ ከተማን የሚያስከብረው ለአካባቢው የሚሰጠው አገልግሎት መሆኑን አስረድቷል። ስለዚህም የደቡብ ጀርመንን ከተሞች በደረጃ ሲያሰልፍ የቈጠረው ስልክን ነው፤ በዚያን ዘመን ስልክ የሚያበዛው ነጋዴው፥ ሐኪሙና መሥሪያ ቤቱ ነበርና። ከነዋሪው ቍጥር ጋር ሲነጻጸር ስልኩ ከአገሩ አማካይ የበለጠበት ከተማ፥ ከራሱ አልፎ ለገጠሩ የሚተርፍ ነው አለ። በዚህም መሠረት ሙኒክ፥ ኑረምበርግና ሽቱትጋርት ከላይኛው ማዕረግ ሲቀመጡ፥ ትንንሾቹ የገበያ ከተሞች ከታች ተሰለፉ።

ነገር ግን የታችኛው ማዕረግ የሚናቅ አይደለም። ሰው ለከባድ ሕመም ሩቅ ቢሄድም፥ ለዕለት ጕዳዩ የሚሄደው ወደ ቅርቡ ነው። እንግዲህ ትንሿ ከተማ ሐኪሟንና ገበያዋን ያጣች እንደ ሆነ፥ አብሮ የሚጐዳው በዙሪያዋ ያለው ገበሬ መሆኑን ልናስተውል ይገባል።