ጉብኝቱ ከባቡር ጣቢያው ይጀመር

ሮም ውስጥ አስጎብኚዎች ጃንጥላ ወይም ትንሽ ባንዲራ ከፍ አድርገው ይቀድማሉ፤ እንግዳው ከኋላ ይከተላል። በሁለት ሰዓት ጊዜ የትሬቪ ፏፏቴ፣ ፓንቴዎንና የናቮና አደባባይ ታይተው ያልቃሉ። ደግ ነው። ፓንቴዎን ገብቶ በጣሪያው ክፍት ሰማይ ያላየ ሰው ሮምን አየሁ ባይል ይሻላል።

ለኢትዮጵያዊ መንገደኛ ግን ከቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ እንዲጀምር እመክረዋለሁ። ከጣቢያው ፊት ያለው ሰፊ ቦታ «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ይባላል። እነማን መሰሏችሁ? በጥር 1879 ዓ.ም. ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ የደመሰሱት የጣሊያን ጦር ወታደሮች ናቸው! መታሰቢያቸው እዚያው አቅራቢያ፣ ትንሽ የአትክልት ስፍራ ውስጥ ቆሟል፤ ሻንጣውን የሚጎትተው መንገደኛ ቀና ብሎም አያየው። አናቱ ላይ ያለው ረጅም ድንጋይ የግብፁ ፈርዖን ዳግማዊ ራምሴስ ያስጠረበው ነው። አፍሪካን ሊወር ሄዶ ለሞተ ጦር፣ ከአፍሪካ የተወሰደ ድንጋይ። መታሰቢያውን ያቆመው ሰው ይህን አስቦበት ይሆን?

ከዚያ ኮሎሲየምን አልፎ ወደ ፖርታ ካፔና መውረድ ነው። የአክሱም ሐውልት ከ1930 እስከ 1996 ዓ.ም. የቆመው እዚያ፣ ዛሬ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ባለበት ሕንፃ ፊት ነበር። በ1997 በአውሮፕላን አገሩ ገባ፤ በ2000 ዓ.ም. ዳግም ተተከለ።

አስጎብኚያችሁ በዚህ በኩል ካላለፈ ጠይቁት። ጣሊያን ውስጥ ይህን ሥራ ለመሥራት ፈተና አልፎ ፈቃድ ማውጣት ግድ ስለሆነ፣ ስለ ዶጋሊ የሚለው አያጣም።