ያደርንበትን ቤት ስለ መለካት



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ በከተማ እምብርት ስለሚገኙ ታሪካውያን ሆቴሎች ነው። ስለዚህ ነገር ደሴ ላይ ቆሞ የሚናገር ሰውም ቢሆን ከአዲስ አበባው እቴጌ ጣይቱ ሆቴል መጀመሩ ግድ ነው።

ይህ ሆቴል በእቴጌ ጣይቱ ብጡል አሳቢነት በ1898 ዓ.ም. የተቋቋመ ሲሆን፣ በአገራችን የመጀመሪያው ዘመናዊ ሆቴል ነው። በዚያን ዘመን እንግዳ የሚያድረው ከዘመድ ቤት ወይም ከመኳንንት ግቢ ስለ ነበረ፣ እንጀራን በገንዘብ መሸጥ እንደ ነውር ይቈጠር ነበር። ስለሆነም ዐፄ ምኒልክ መኳንንቱን አስከትለው ገብተው ከተመገቡ በኋላ፣ ሒሳቡን ራሳቸው ከፍለው ልማዱን እንዳስጀመሩ ይነገራል።

እኔም በ2006 ዓ.ም.፣ ከዩኒቨርሲቲ በወጣሁ በዓመቱ፣ በዚህ ቤት አንድ ሌሊት አድሬአለሁ። የእንጨቱን ደረጃ ስፋትና የክፍሉን ጣሪያ ከፍታ እያደነቅሁ ብዙ ሰዓት ነቅቼ ቈየሁ። ሜትር በቦርሳዬ ውስጥ ነበረ፤ ነገር ግን አንዲት እርከን እንኳ አልለካሁም። ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. ሆቴሉ በእሳት ተያያዘ፤ ጃዝ ይደመጥበት የነበረው የጃዛምባ አዳራሽም ወደመ። ዜናውን የሰማሁት ኮምቦልቻ ሆኜ ነው። ሆቴሉ በኋላ ሥራውን ቢቀጥልም፣ ያን ዕለት የተሰማኝ ጸጸት እስከ ዛሬ አልተወኝም።

የእሳቱ ነገር ለእኛ ለመሐንዲሶች እንግዳ አይደለም። ለዘመናት የደረቀ እንጨት በቀላሉ ይቀጣጠላል፤ መዝጊያ የሌለው ደረጃም ነበልባሉን እንደ ጭስ ማውጫ ወደ ላይ ይስበዋል። እንዲህ ያለውን ቤት መልሶ ለማቆም ገንዘብ ብቻ አይበቃም፤ የተለካ ንድፍ ያስፈልጋል። ንድፍ ከሌለ ግን የሚሠራው ሌላ ቤት ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ደሴ ውስጥ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት አይጠየፍ አዳራሽ አለ። ጣይቱ ሆቴል እንግዳን በክፍያ መቀበልን ሲያስተምር፣ አይጠየፍ ደግሞ ድኻና ጌታ ሳይለይ ማብላትን በስሙ ይመሰክራል። ሁለቱም የእንግዳ ተቀባይነታችን ታሪክ ናቸው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን በደረሰ ጊዜ የደሴ ሙዚየም ቅርሶች መዘረፋቸውን አይተናል። የጠፋ ነገር ልኩና መልኩ ካልተጻፈ፣ ለመፈለግም ለመተካትም ያስቸግራል።

ስለዚህ በበኩሌ የማቀርበው አሳብ አጭር ነው። ከደሴና ከኮምቦልቻ ፈቃደኛ የሆንን አባላት በዕረፍት ቀናችን ተሰብስበን፣ ባለሥልጣኖቹን አስፈቅደን፣ አዳራሹን ከመሠረቱ እስከ ጉልላቱ እንለካ። ንድፉም በሁለት ቅጂ ተዘጋጅቶ አንዱ በደሴ፣ ሁለተኛው በአዲስ አበባ ይቀመጥ። ሜትሩን እኔ አመጣለሁ፤ በዚህ ጊዜ ግን ከቦርሳዬ አወጣዋለሁ።